ከካቦ ሥር የሚገኝ ሙያ፦ የኮዬ ፈጬ ግንባታና የሥራ ላይ ትምህርት የወደፊት ዕጣ

ግንበኛ፣ ፌራዮ፣ አናጢ፣ ለሳኝና ቧንቧ ሠራተኛ በኢትዮጵያ ሙያቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከግንባታ ቦታ ነው። አዲስ ገቢው አሸዋ እየተሸከመና ብሎኬት እያቀበለ ይጀምራል፤ ቆይቶ ረዳት ይሆንና ቱንቢና ውሃ ልክ መያዝ ይፈቀድለታል፤ ከጥቂት ፕሮጀክቶች በኋላም ራሱን የቻለ ባለሙያ ይባላል። ከአቃቂ ቃሊቲ ወገን በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በእርሻ መሬት ላይ የተነሣው ግዙፉ የኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤት ሰፈር ይህ ትምህርት በስፋት የተካሄደበት ቦታ ነው። ስለ ሰፈሩ ሲወራ የቤቶቹ ዕጣ፣ የአርሶ አደሮቹ ካሳና የአዲስ አበባና የኦሮሚያ የወሰን ጥያቄ ይነሣሉ። ሕንፃዎቹን ያቆሙት ሰዎች ምን እንደተማሩና ሙያቸውን ይዘው የት እንደደረሱ ግን እምብዛም አይጠየቅም።

ኮዬ ፈጬ የተገነባበት የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ሲጸነስ ሥልጠና ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ ከተጀመረው የሙከራ ግንባታ በኋላ የተነደፈው ዕቅድ በአምስት ዓመት 400 ሺህ ቤቶችን ከመሥራት ጋር ለ200 ሺህ ሰዎች ሥራ መፍጠርንና 10 ሺህ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማትን ማጠናከርን ያካተተ ነበር። በጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት (ጂቲዜድ) ድጋፍ የተቀረጸው የግንባታ ስልትም ለዚሁ የተመቸ ነበር። አስቀድመው የተመረቱ ቢሞችና ውስጠ ባዶ ብሎኬቶች ሲደረደሩ ለወለል የሚያስፈልገው የእንጨት ቅርጽ ይቀንሳል፤ ሥራውም በትናንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ ለተደራጁ ወጣቶች ሊሰጥ ይችላል። አንዱ ማኅበር ብሎኬት ያመርታል፣ ሌላው በርና መስኮት ይበይዳል፣ ሌላው የኤሌክትሪክ መስመር ይዘረጋል። ሥራ ተከፋፍሎ ሲቀርብ ለጀማሪም ለመማር ይቀላል።

ይህን አካሄድ ለመረዳት አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብ ተመራማሪ ዣን ሌቭ በላይቤሪያ ልብስ ሰፊዎች ላይ ያደረገችው ጥናት ይረዳል። ለማጆቹ የሚጀምሩት ቁልፍ ከመትከልና ጠርዝ ከማጠፍ ነበር፤ ጨርቅ የመቁረጥ ኃላፊነት የሚሰጣቸው መጨረሻ ላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተሳሳተ ቁልፍ ተነቅሎ ይተከላል፣ የተበላሸ ቁራጭ ግን ጨርቁን ያባክናል። ከዚህ በመነሣት ሌቭና ኤቲየን ዌንገር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ትምህርት ጀማሪው ከሥራው ዳር ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ መሐሉ የሚገባበት ጉዞ መሆኑን አስረዱ። በግንባታ ቦታም ሥርዓቱ ተመሳሳይ ነው፤ ረዳት ብረት ከማጠፉ በፊት ብረት ያቀብላል። አንድ ወሳኝ ልዩነት ግን አለ። የላይቤሪያው ዋና ልብስ ሰፊ ለማጁን የማስተማር ግዴታ አለበት፤ በካሬ ሜትር የሚከፈለው ሰብ ኮንትራክተር ግን የለበትም። እንዲያውም ረዳቱን ለማስረዳት ያጠፋው ሰዓት ከራሱ ገቢ ይቀነሳል። በዚህም ላይ ሕንፃው ሲያልቅ ቡድኑ ይበተናል፣ የረዳቱን ችሎታ የሚያውቀው ካቦም ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ረዳቱ በሚቀጥለው ቦታ እንደገና ቀን ሠራተኛ ሆኖ ሊጀምር ይችላል። የችግሩ ሥር እዚህ ነው፤ የሚጎድለው ከመማሩ ይልቅ የተማሩትን የሚመሰክር ነገር ነው።

ጉዳቱ የሚበረታው መሬታቸው ለግንባታ በተወሰደባቸው አርሶ አደሮችና በልጆቻቸው ላይ ነው። እርሻ ሙያው የነበረ ሰው መሬቱን ሲያጣ ያጣው ዕውቀቱንም ጭምር ነው። በጥበቃና በጉልበት ሥራ ብቻ ተቀጥሮ ቢቀር በገንዘብ ካሳ የማይተካ ነገር ጎድሎበታል።

ሕጉ መፍትሔውን ከሞላ ጎደል ይዟል። በቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ሥርዓቱ መሠረት የሙያ ብቃት ምዘና፣ በሠራተኛው አጠራር ሲኦሲ፣ ዕውቀቱ ከተቋምም ይሁን ከሥራ ቦታ መገኘቱን ሳይለይ ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው። በትብብር ሥልጠናም ሠልጣኙ 70 በመቶውን ጊዜ በድርጅት፣ 30 በመቶውን በተቋም እንዲያሳልፍ ይጠበቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ሙያ ለመልመድ የሚደረገውን ውል ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥቶታል። ሆኖም ለምዘና የሚሄድ ቀን ሠራተኛ የዚያን ቀን ደመወዝ ያጣል፤ የጽሑፍ ፈተናውም ብረት በትክክል የሚያስር፣ ነገር ግን ንባብ የሚከብደውን ሰው ያስቀራል። በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥራንና ክህሎትን በአንድ ጣሪያ ሥር ማምጣቱ ተገቢ ነው፤ መዛኙ ወደ ግንባታው ቦታ ካልሄደ ግን ለረዳቱ የሚለወጥ ነገር የለም።

ዕቅድ ያለው የሥራ ላይ ትምህርት ምን ሊያደርግ እንደሚችል የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታሪክ ያሳያል። ድርጅቱ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም አብራሪዎቹም ሥራ አስኪያጆቹም ከአሜሪካው ቲደብልዩኤ አየር መንገድ የመጡ ነበሩ። ሩብ ምዕተ ዓመት በፈጀ የመተካካት ሂደት ኢትዮጵያውያን ቦታቸውን እየተረከቡ ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በዚያ ሂደት ተተኪ ማፍራት የሥራው አካል ነበር። በእርግጥ አየር መንገድ ሠራተኛውን ለዓመታት ይዞ ይቆያል፤ ሰብ ኮንትራክተር ግን ዛሬ ያሠለጠነውን ነገ ለተፎካካሪው ሊያጣ ይችላል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጌሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳስረዳው፣ በማንኛውም ድርጅት የሚሠራ ሙያ ለማሠልጠን አሠሪ ብቻውን ወጪ እንዲያወጣ መጠበቅ አይቻልም። ኬንያ ለዚህ መልስ ያደረገችው አሠሪዎች በእያንዳንዱ ሠራተኛ በወር 50 ሽልንግ እንዲያዋጡና ያሠለጠነው ከዚያ ፈንድ እንዲካስ ማድረግን ነው። ለኢትዮጵያ የግንባታ ዘርፍም የሚስማማው ይህን መሰል የጋራ ቋት ነው።

ክህሎትን ለማስፋፋት በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በበይነ መረብ ትምህርት ያቀርባል፤ ስልክና ኢንተርኔት ላለው ወጣትም በር ይከፍታል። ልስን በእጅ የሚለመድ በመሆኑ ግን ስክሪን ካቦን አይተካም። ስልኩ ለግንባታ ሠራተኛ የሚጠቅመው በሌላ መንገድ ነው፤ ረዳቱ የሠራው እየተመዘገበና በፎርማኑ እየተረጋገጠ ከፕሮጀክት ፕሮጀክት ቢከተለው፣ የምዘና ማዕከሉ ያንን መዝገብ እንደ ማስረጃ ሊቀበለው ይችላል። ኮዬ ፈጬ አሁን ነዋሪ ገብቶበታል፤ የሚያፈስ ቧንቧ፣ የሚሰነጠቅ ልስንና የሚቋረጥ መብራት የየዕለት ጥገና ይሻሉ። በአቅራቢያው ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶችን ያሠለጥናል። ብሎኮቹን የሠሩት ረዳቶች ከእነዚህ መሐንዲሶችና ከነዋሪዎች ኮሚቴዎች ጋር በጥገና ቡድን ቢደራጁ፣ እዚያው የጀመሩትን ሙያ እዚያው እየሠሩ ለምዘና መብቃት ይችላሉ።