ኦርክ ስለሆነ ብቻ ጉልበት +2? የዲ ኤንድ ዲ ሕግ እንዴት ተቀየረ

አዳማ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ስለ ሩጫ ብታወሩ አንዱ «አርሲዎች እኮ ሲፈጠሩም ሯጭ ናቸው» ማለቱ አይቀርም። ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ከበቆጂና አካባቢዋ፤ ኃይሌ ከአሰላ አካባቢ። ግን እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት የኢትዮጵያን ምርጥ ሯጮች ሲጠይቅ፣ ብዙዎቹ ልጅ ሆነው ረጅም መንገድ እየሮጡ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። ታዲያ ዘር ነው አስተዳደግ?

ይሄው ክርክር ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ውስጥም አለ። ለማታውቁት፦ በ1974 የወጣ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ በወረቀትና በዳይስ የሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ ነው። ገጸ ባሕርያችሁ 6 ችሎታ አለው፦ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ እውቀት፣ ማስተዋል እና ግርማ ሞገስ።

በ2014ቱ መጽሐፍ ኤልፍ ከሆናችሁ ቅልጥፍና +2፣ ግማሽ ኦርክ ከሆናችሁ ጉልበት +2 እና ጽናት +1 ከዘራችሁ ታገኛላችሁ። ትንሽ ይመስላል አይደል? 2 ነጥብ ዳይሱ ላይ 1 ይጨምራል፤ ባለ 20 ጎን ዳይስ ላይ ያ 5 ከመቶ ነው፣ ያውም በየሙከራው። ስለዚህ ጠንቋይ መሆን የፈለገ ግማሽ ኦርክ ገና ከመነሻው ተቀድሟል። የ2016ቱ መጽሐፍ ጭራሽ ኦርክን እውቀት ላይ -2 ሰጥቶት ነበር! «ዘር» የሚለው ቃል ምን እንደሚያመጣ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

በኅዳር 2020 የወጣው የታሻ መጽሐፍ ጭማሪውን ወደፈለጋችሁት ችሎታ እንድታዛውሩ ፈቀደ፤ ሁለቱን አንድ ቦታ መደረብ ግን አይቻልም። ያ -2 ም በዚያው ሰሞን ተሰረዘ።

በ2024ቱ እትም ደግሞ «ዘር» የሚለው ቃል ራሱ ወጥቶ «ዝርያ» በሚል ተተካ፣ ጭማሪውም ወደ ኋላ ታሪክ ሄደ። ገበሬ ከነበራችሁ ጉልበት፣ ጽናትና ማስተዋል፤ ወታደር ከነበራችሁ ጉልበት፣ ቅልጥፍናና ጽናት። ከሦስቱ ለአንዱ +2 ለሌላው +1፣ ካልሆነም ለሦስቱም +1። ጣሪያው 20 ነው።

የበቆጂው ጥያቄ እዚህ ጋ መልስ ያገኘ ይመስላል። ግን እስቲ ልብ በሉ፦ የገበሬ ልጅ እውቀት ላይ ምንም አያገኝም። በእኔ እይታ ይሄ አንዱን አጥር አፍርሶ ሌላ መትከል ነው፤ የገበሬ ልጅ ሆኖ ዩኒቨርሲቲ የገባ ስንት ሰው እናውቃለን?

ደግነቱ የጨዋታ መሪው የራሱን የኋላ ታሪክ መሥራት ይችላል። አሮጌው መጽሐፍ ብቻ ካላችሁም ቀላል ነው፦ የዘሩን ጭማሪ ተዉትና እያንዳንዱ ተጫዋች +2 እና +1 ለሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ይምረጥ፤ ገጸ ባሕርይው ያን ችሎታ ከየት እንዳገኘው ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገራችሁ።