መዝገብና ምስክር

አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ እንደሚናገረው አገር የሚያውቃት በገበያዋ ነው። እኔ ግን ጋይንት ሲነሣ ከእህሉና ከከብቱ አስቀድሞ የሚታወሰኝ ሌላ ገበያ አለ፤ የዕውቀት ገበያ።

የድጓ ተማሪ ትምህርቱን የትም ይጀምር የት፣ የሚያስመሰክረው በጋይንት ቤተ ልሔም ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻውም ዙር አባን ይሳለማል። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ እየለመነ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ይደርሳል። ሲደርስ ስሙን የሚመዘግብ ጸሐፊ፣ ዓመት ቆጥሮ የሚያዛውረው ሕግ አይጠብቀውም። የሚጠብቀው መምህሩ ነው። ያወቀ ያልፋል፤ ያላወቀ ይከልሳል።

ይህን ማለቴ ያለፈውን ሁሉ ላወድስ አይደለም። የዚያ ጉባኤ ቤት በር ለሴት ልጅ እጅግ ጠባብ ነበር፤ አብዛኛውም ገበሬ ፊደል ሳይለይ አልፏል። በ1900 ዓ.ም. በምኒልክ ትምህርት ቤት የተጀመረው ዘመናዊ ትምህርት ገጠር እስኪዘልቅ ብዙ ትውልድ አለፈ። በ1971 ዓ.ም. የታወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በኋላም በ15 ቋንቋዎች የተሰጠው፣ እናቶችን ሳይቀር ፊደል አስቆጠረ፤ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አስገኘ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ ትምህርት ቤት ወደየገጠር ቀበሌው ወረደ፤ እረኛውም እረኛዪቱም ስማቸው መዝገብ ላይ ሰፈረ። ትልቅ ድል ነበር።

እኔ የባንክ ጸሐፊ ነኝ። እኛ ዘንድ ማታ ሂሳብ ሲዘጋ በመዝገብ የተጻፈውና በካዝና ያለው ካልተስማሙ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። በትምህርታችን ግን ለብዙ ዓመታት መዝገቡን ብቻ ስንቆጥር ኖርን። ካዝናው የተከፈተው ኩረጃን ለማስቀረት ሲባል የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ቅጥር ውስጥ ሲሰጥ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። እነዚያ ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተመዝግበዋል፤ የመሰከረላቸው ግን አልነበረም።

ከዚህ የባሰም መጣ። በአማራ ክልል በ2015 ክረምት ጦርነት ከተነሣ በኋላ መዝገቡ ራሱ ባዶ ሆነ። በ2017 የትምህርት ዘመን ከ4 ሚሊዮን በላይ የክልሉ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ነበሩ። ከየአቅጣጫው ሰው ለምስክር ይጎርፍበት የነበረው ምድር የገዛ ልጆቹን ፊደል ማስቆጠር ተሳነው።

በመስኮቴ ፊት ቆመው በፊርማ ፈንታ አውራ ጣታቸውን ቀለም የሚነክሩ አረጋውያን ብዙ ናቸው። በእነርሱ አልፈርድም፤ ትምህርት ቤት ሳያዩ አርጅተዋል። የሚያስፈራኝ የዛሬው የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ጦርነት ሲበርድ ቤት ይጠገናል፤ መንገድም ይሠራል። የልጅነት ዓመት ግን ወለድ ተከፍሎበት እንኳ አይመለስም። ስለዚህ ትምህርት ቤቶቹ በራቸው ሲከፈት ሁለቱንም እንጠይቅ፦ ስንት ልጅ ተመዘገበ? ስንቱስ አወቀ? የመጀመሪያውን ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ተምረናል፤ ሁለተኛውን ቤተ ልሔም ከጥንት ጀምራ ስትጠይቅ ኖራለች።