የተናቀው ሞገድ

ታላላቅ የጥበብ ሥራዎች ሁሉ ከባለጸጎች ግምጃ ቤትና ከሰፋፊ ቤተ ሙከራዎች ብቻ የሚወጡ ይመስለናል። የራዲዮን ታሪክ በጥሞና የተመለከትን እንደ ሆነ ግን፥ አህጉርን ከአህጉር ያገናኘው የአጭር ሞገድ ጎዳና በብዙው የተጠረገው በወጣቶች እጅና በጥቂት ገንዘብ መሆኑን እንረዳለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማርኮኒ በ1901 ዓ.ም. ከአትላንቲክ ማዶ የተላከ ምልክት መቀበሉን ካስታወቀ በኋላ፥ በአሜሪካ ብዙ ወጣቶች ያለ ሽቦ መነጋገርን በየቤታቸው ይሞክሩ ጀመር። እነዚህ አማተር ይባላሉ፤ ይኸውም ሥራውን ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው የያዙ ማለት ነው። የመሣሪያው ዋጋ ከአቅማቸው በላይ ስለ ነበረ ብዙዎቹ ራሳቸው ሠሩት። የአጃ ቂንጬ በሚሸጥበት ክብ ካርቶን ላይ የመዳብ ሽቦ ጠመጠሙ፤ በመስተዋትና በስስ የብረት ወረቀት ኮንዴንሰር አበጁ፤ የፎርድ አውቶሞቢል ሞተር የሚነሣበትን የእሳት ጥቅል ለማስተላለፊያ አዋሉት። ለመቀበያውም ጋሌና የተባለውን ማዕድን በቀጭን ሽቦ ጫፍ እየነካኩ ድምፅ የሚሰጠውን ነጥብ ይፈልጉ ነበር። ይህ መቀበያ ከመጣለት ሞገድ በሚያገኘው ኃይል ስለሚሠራ ባትሪ እንኳ አያሻውም።

ዳሩ ግን ቁጥራቸው እየበዛ ሲሄድ የመርከቦችን መልእክት ያውካሉ ተብለው ተከሰሱ። በ1912 የወጣው የአሜሪካ ሕግም አማተሮች ከ200 ሜትር በማይበልጥ ሞገድ እንዲወሰኑ አዘዘ። በዚያ ዘመን ሩቅ የሚደርሰው ረጅሙ ሞገድ ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፥ የተተወላቸው እንደ ጠፍ መሬት የሚቆጠር ነበር። እነርሱም በ1914 በሃይረም ፐርሲ ማክሲም አነሣሽነት ማኅበር አቋቁመው፥ መልእክትን ከከተማ ወደ ከተማ ይቀባበሉ ጀመር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ አንዱ የማይደርስበትን ብዙዎቹ ደረሱበት።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማኅበሩ ፖል ጎድሊ የተባለውን ሰው ወደ ስኮትላንድ ላከው። እርሱም በ1921 ታኅሣሥ ወር፥ በአርድሮሳን የባሕር ዳርቻ በድንኳን ተቀምጦ፥ ከሃያ የሚበልጡ የአሜሪካ አማተሮችን ምልክት ሰማ። በኅዳር 1923 ፈረንሳዊው ሌዎን ደሎይ ከኒስ ከተማ ሆኖ፥ በ110 ሜትር ገደማ ሞገድ፥ በአሜሪካ ካለው ከፍሬድ ሽኔል ጋር ተነጋገረ። በጥቅምት 18 ቀን 1924 ደግሞ የ18 ዓመቱ ሴሲል ጎይደር ለንደን ካለው ትምህርት ቤቱ ሆኖ በኒውዚላንድ ከሚኖረው ከፍራንክ ቤል ጋር ተገናኘ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ18,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ምክንያቱ ከወደ ላይ ነበር። በከፍተኛው አየር ውስጥ፥ በፀሐይ ኃይል ኤሌክትሪክ ያደረበት ንብብር አለ፤ አጭሩን ሞገድ ወደ ምድር ይመልሰዋል። ኬኔሊና ሄቪሳይድ ይህን በ1902 ገምተውት ነበር፤ አፕልተን በ1924 መጨረሻ በፈተና አረጋገጠው።

ከዚህ በኋላ መንግሥታትና ኩባንያዎች ወደ ተናቀው ሞገድ ተሻሙ። በ1927 በዋሽንግተን የተደረገው ጉባኤ አጭሩን ሞገድ ሲያከፋፍል፥ ለአማተሮች የደረሳቸው ጥቂት ጠባብ ረድፍ ብቻ ነው። ጠፉን ያቀኑት ከድንበሩ ዳር ተቀመጡ ማለት ነው። ሆኖም በዚያች ጠባብ ረድፍ ላይ እስከ ዛሬ ድረስ ይነጋገራሉ፤ አንዳንዶቹም በገዛ እጃቸው በሠሩት መሣሪያ ነው። ከእነርሱ የምንማረው፥ በእጅ ያለው ጥቂት ነገር ትዕግሥትና ኅብረት ሲጨመርበት፥ ሊቃውንት ይሆናል ብለው ያላሰቡትን ሊገልጥ መቻሉን ነው።