ድምፅ አለመቻል

በሕክምናው ዓለም ሃይፐራኩሲስ የሚባል ሕመም አለ። ለሌላው ሰው ተራ የሆነ ድምፅ፣ የሲኒ መንኳኳት፣ የቆርቆሮ በር ሲዘጋ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ ለታመመው ሰው ከልክ በላይ ጮኾ ይሰማዋል፤ ባስ ሲልም ጆሮውን ይወጋዋል። ቃሉ ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን ፍቺው «ከመጠን ያለፈ መስማት» ነው። እንዳለ ተርጉመን ብንወስደው ግን ያሳስታል። ሕመምተኛው ሌላው ሰው የማይሰማውን ረቂቅ ድምፅ አይሰማም፤ አንዳንዱ እንዲያውም የመስማት አቅሙ ቀንሷል። የጎደለው ድምፅን የመሸከም አቅም ነው። አማርኛ ለዚህ የሚሆን አነጋገር ድሮም አለው። ብርድ የሚጎዳው ሰው «ብርድ አልችልም» ይላል፤ ፀሐይ ራሱን የሚያዞረው «ፀሐይ አልችልም» ይላል። በዚሁ ልማድ ሃይፐራኩሲስን «ድምፅ አለመቻል» ብንለው፣ የታመመው ሰው ከሚናገረው ሳንርቅ ሐኪሙም ካርድ ላይ ሊጽፈው የሚችል ስም እናገኛለን። ከቅርብ ዘመዶቹም እንለየው። ሰው ሲያኝክ ወይም አፍንጫውን ሲስብ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ብቻ ንዴት የሚቀሰቅስበት ሰው ሕመም ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ሚሶፎንያ ተብሏል፤ «ድምፅ መጸየፍ» ይስማማዋል። ድምፁ ገና ሳይመጣ የሚያስደነግጠው ደግሞ «ድምፅ መፍራት» ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሪቻርድ ታይለርና ባልደረቦቹ ድምፅ አለመቻልን ራሱን በአራት መልክ ከፍለውታል፤ ድምፅ የሚያይልበት፣ የሚያስመርርበት፣ የሚያስፈራበትና የሚያሳምምበት። አራቱ በአንድ ሰው ላይ ሊደራረቡ ይችላሉ።

ስም ማውጣቱን አስፈላጊ የሚያደርገው ይህ ሕመም ብቻውን የሚመጣው አልፎ አልፎ መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ የጆሮ ጩኸት፣ ማለትም ቲናይተስ፣ አብሮት ይኖራል፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ የጉንጭ፣ የመንጋጋና የጆሮ ግንድ ሕመምም ይጨመርበታል። በሰሜን ኢትዮጵያ በዋግ ኽምራ፣ በፃግብጂም ሆነ በሰቆጣ ዙሪያ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሕመሙን ለሦስት ከፍሎ ነው የሚያየው። ጆሮው ጭው ሲል ጤና ጣቢያ ሄዶ ጠብታ ይጠይቃል። ፊቱን ሲያመው «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሽለታል፤ ካልተሻለው ጥርሱን ያስነቅላል፤ ሕመሙ ሳይለቀው ሁለተኛውን ያስነቅላል። ድምፅ አለመቻሉን ግን ለማንም አይናገርም፤ ስም የለውምና። ቤተሰቡ ጠባዩ ተለወጠ ይላል፤ ጎረቤት ዛር ወይም ጋኔን ይጠረጥራል። በሄደበት ሁሉ «ምንም አልተገኘም» ሲባል ሰውየው በገዛ ራሱ መጠራጠር ይጀምራል። የእኔ ሙግት እነዚህ ሦስት ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ ከተገኙ በአንድነት መታየት አለባቸው የሚል ነው። ለዚህም ማስረጃው ከሰውነት አሠራር ይነሳል።

በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ ሁለት ጥቃቅን ጡንቻዎች አሉ። አንዱ የጆሮ ታንቡርን ወጠር የሚያደርግ ነው፤ የሚያዝዘው ትራይጀሚናል የሚባለው ነርቭ፣ ያው የፊትን ስሜት የሚያደርሰውና መንጋጋን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ነው። ሌላው ከሰውነት አጥንቶች ሁሉ ትንሿን አጥንት ይዞ ኃይለኛ ድምፅን የሚያለዝብ ሲሆን፣ የሚታዘዘው ፊትን በሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ነው። ፊቱ በአንድ ወገን የተጣመመ ሰው በዚያ ወገን ድምፅ የሚያይልበት አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ግንኙነቱ በጆሮ ብቻም አያበቃም። የሚሺጋኗ ተመራማሪ ሱዛን ሾር በእንስሳት ላይ ባደረገቻቸው ጥናቶች፣ የመስማት ነርቭ አንጎል ውስጥ መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ ከፊትና ከአንገት የሚመጣ መልእክትም እንደሚደርሰው አሳይታለች። የጆሮ ጩኸት ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ጥርሳቸውን ነክሰው መንጋጋቸውን ሲያጠብቁ ወይም አንገታቸውን ሲያዞሩ ጩኸቱ ከፍ ወይም ዝቅ ይልባቸዋል፤ ይህንንም ያለ መሣሪያ የትኛውም ጤና ጣቢያ ሊሞክረው ይችላል።

የጩኸቱ ምንጭስ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1953 ሄለርና በርግማን የተባሉ አሜሪካውያን የጆሮ ችግር የሌለባቸውን 80 ሰዎች ድምፅ በማይገባበት ክፍል ውስጥ አስቀመጧቸው፤ ከመቶ 94ቱ ከውጭ የሌለ ድምፅ ሰማን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በእንግሊዝ 18 ጤነኞች አንድ ጆሯቸውን በመድፈኛ ዘግተው ሳምንት እንዲቆዩ ተደረገ፤ 14ቱ ጩኸት ይሰማቸው ጀመር፤ መድፈኛው ሲወጣ ጩኸቱም ሄደ። አንጎል ከጆሮ የሚደርሰው መልእክት ሲያንስበት መቀበያውን ከፍ ያደርጋል። ጣቢያው ደከም ሲል ሬዲዮን ከፍ የሚያደርግ ሰው ንግግሩን ብቻ ሳይሆን ሽሽታውንም አብሮ ከፍ እንደሚያደርገው ነው። ሽሽታው የጆሮ ጩኸት ነው፤ ድንገት ጥርት ብሎ የገባ ጣቢያ ማምባረቁ ደግሞ ድምፅ አለመቻል ነው። ይህ አስተሳሰብ በዘርፉ ሰፊ ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ ነው፤ ሁሉን ነገር ግን አያብራራም፤ በተለይ ድምፅ ሕመም የሚሆንባቸውን ሰዎች ጉዳይ በተመለከተ ገና ክርክር አለ።

መቀበያውን ከፍ የሚያስደርጉ ነገሮች በዋግ ኽምራ ጥቂት አይደሉም። ሳይታከም ዓመታት የቆየ የጆሮ መግል አለ። ወባ ባለበት ቆላ ኩዊኒን የወሰደ ሰው ጆሮው መጮኹ የታወቀ ነው፤ መድኃኒቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። ለሳንባ ነቀርሳ ሲሰጡ የኖሩት እንደ ስትሬፕቶማይሲን ያሉ መርፌዎች ግን የውስጥ ጆሮ ሕዋሳትን ይገድላሉ፤ የሞተው ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልም። ቀኑን ሙሉ በናፍጣ ወፍጮ አጠገብ የሚውለው ወፍጮ ፈጪ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት አለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከዚህ አካባቢ ሕዝብ ጆሮ አልራቀም፤ ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀለውም ሰው ያንን ይዞ ነው ወደ ሰቆጣ የመጣው። እ.ኤ.አ. በ2013 በቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ሲፈነዳ የተጎዱትን የመረመሩ ሐኪሞች፣ ከታንቡር መቀደድ ሌላ የጆሮ ጩኸትና ድምፅ አለመቻል አግኝተውባቸዋል። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ዘንድ ካሳ ከሚከፈልባቸው ጉዳቶች በብዛት አንደኛው የጆሮ ጩኸት ነው። የፈንጂ ድምፅ የሰውነት ቁስል ሳይተው ጆሮን ሊጎዳ መቻሉ እንግዳ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ። «ጆሮው ደህና ነው፣ አንጎሉ ነው ካላችሁ፣ ሰውየው በሐሳቡ የፈጠረው ነው ማለታችሁ አይደለም ወይ?» ይባላል። አይደለም። አንጎል አካል ነው፤ የነርቭ ሥራ መለወጥም የአካል ለውጥ ነው። እጁ የተቆረጠ ሰው የሌለው ጣቱ ሲያመው ዋሸ አንለውም። ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ጩኸቱን እንደሚያብሱት እውነት ነው፤ ጩኸቱም በተራው እንቅልፍ ይነሳል፤ አንዱ ሌላውን እየመገበ ይኖራል። ጸሎትና ጠበል ለሚያጽናናው ሰውም ይህ ማብራሪያ የሚነሳው ነገር የለም። የሚነሳው ነገር ቢኖር «እብደት ነው» የሚለውን ፍርድ ነው።

ከባዱ ጥያቄ ምን ይደረግ የሚለው ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ድምፅ ያስቸገረው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ጆሮው ውስጥ ጥጥ መወተፍና ከሰው መራቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሬግ ፎርቢና ባልደረቦቹ ፈቃደኞች ለሁለት ሳምንት መድፈኛ ወይም ለስላሳ ድምፅ የሚያሰማ ትንሽ መሣሪያ ጆሯቸው ላይ አድርገው እንዲቆዩ አድርገው ነበር። ከመድፈኛው በኋላ ድምፅ አየለባቸው፤ ከመሣሪያው በኋላ ደግሞ ቀለላቸው። ዝምታ ሕመሙን ይመግበዋል ማለት ነው። እርግጥ በሞንታርቦ ፊት ወይም በወፍጮ አጠገብ ጆሮን መሸፈን ተገቢ ነው፤ እዚያ ያለው ድምፅ የማንንም ጆሮ ይጎዳል። ቤት ውስጥ፣ በገበያ፣ በእንግዳ መካከል ግን መድፈኛው መውጣት አለበት። ሌሊት ጩኸቱ የሚከብደው ጸጥታ ስላለ ነው፤ ዝቅ ያለ ሬዲዮ ወይም በስልክ የተቀዳ የወራጅ ውኃ ድምፅ ያግዛል፤ ጩኸቱን እስኪውጠው ድረስ ግን ከፍ አይደረግም። ነሐሴ 16 የልጃገረዶች በዓል ሻደይ ሲገባ ከበሮውና እልልታው የሚያስመርራት ልጅ ከጓደኞቿ ተለይታ እቤት ከምትዘጋ፣ ቀደም ብላ ልምምዱን ከሩቅ ብትሰማ፣ በማግስቱ ትንሽ ብትቀርብ ይሻላታል። ድምፅ ለሚወጋው ሰው ይህ ዝግ ብሎ መሄድ አለበት፤ ሕመሙ ከባሰበት አንድ ደረጃ ይመለሳል እንጂ በግድ አይገፋም። መንጋጋውን ለሚያመው ደግሞ ከንፈር ተገጥሞ ጥርስ ከጥርስ እንዳይነካካ ማስለመድ፣ ሞቅ ባለ ጨርቅ ማሸት፣ ጠንካራ ነገር ማኘክን መተው አለ።

በጥናት የተሻለ ድጋፍ ያገኘው የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት ያሳተመው ግምገማ 28 ጥናቶችን መርምሮ፣ ይህ ሕክምና የጆሮ ጩኸት ኑሮን የሚያውክበትን መጠን ሊቀንስ እንደሚችል ደምድሟል፤ ስዊድን ውስጥ በ2014 እ.ኤ.አ. ድምፅ አለመቻል ባለባቸው 60 ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራም የሚያበረታታ ውጤት አሳይቷል። ጩኸቱን አያጠፋም፤ ሰው ከጩኸቱ ጋር እንዲተኛ፣ እንዲሠራ ያስችለዋል። ንግግርና ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ ስለማይጠይቅ፣ የሠለጠነ የአእምሮ ጤና ነርስ ሊሰጠው ይችላል። የከተማ ሕክምና ብቻ ነው የሚለውን ለዚህ አልቀበልም።

«ሰው በድርቅና በመፈናቀል እየተሰቃየ ስለ ጆሮ ጩኸት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚልም አይጠፋም። እህልና መጠለያ እንደሚቀድሙ አልከራከርም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሰፊ ጥናት በዓለም ከአዋቂዎች 14 በመቶው የጆሮ ጩኸት እንደሚሰማቸው፣ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሰው ደግሞ በከባዱ እንደሚይዘው ገምቷል። የማይተኛ ሰው እርሻውን አያርስም፤ ልቅሶም ሠርግም ትቶ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ በክፉ ቀን የሚደግፈውን ጎረቤት ያጣል። ለተፈናቀለ ሰው ጎረቤት ማጣት ትንሽ ጉዳት አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ሳልናገር አላልፍም። ሁሉ ነገር ድምፅ አለመቻል ተብሎ አይታለፍም። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ከልብ ምት ጋር የሚመታ ከሆነ፣ መስማት በድንገት ከጠፋ፣ ፊት ከተጣመመ፣ ማዞር ወይም መግል ካለ ሰውየው ሳይዘገይ ወደ ሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ከዚያም ካስፈለገ ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም መላክ አለበት፤ በድንገት ለጠፋ መስማት እያንዳንዱ ቀን ይቆጠራል። ፊት ሲታጠብ ወይም ሲታኘክ በአንድ ወገን እንደ ኤሌክትሪክ ለሰከንዶች የሚነዝር ሕመም ደግሞ የትራይጀሚናል ነርቭ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን ያስታግሰዋል፤ ጥርስ መንቀል አይፈውሰውም። የፃግብጂና የሰቆጣ የጤና ባለሙያዎች ሆይ፣ ጆሮዬ ይጮኻል ብሎ የመጣን ሰው «ድምፅስ ትችላለህ? ፊትህንስ ያምሃል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የመለሰውንም ካርዱ ላይ ጻፉለት።