ከየኔታ ምስክር እስከ ሰኔ 30 ካርድ

የሕፃንን ዕውቀት በአኀዝ መዝኖ፣ ከመቶ ይህን ያህል አገኘ ብሎ በወረቀት መጻፍ በአገራችን ሩቅ ዘመን የለውም። ትምህርት ግን ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት በየደብሩና በየገዳሙ ሲሰጥ ስለ ኖረ፣ መምህሩ ያወቀውን ተማሪ ካላወቀው በምን ይለየው እንደ ነበር ሳይመረምሩ ስለ ዛሬው ካርድ መናገር የነገሩን ግማሽ መተው ይሆናል።

በንባብ ቤት ሕፃኑ ፊደልን ከሀ እስከ ፐ በተራው ቆጥሮ ሲጨርስ፣ የኔታ ወዲያው ዐወቀ ብለው አያሳልፉትም ነበር። ብዙ ጊዜ የሰማውን ዜማ በቃሉ ይዞ፣ ዓይኑ ፊደሉን ሳይለይ አንደበቱ ብቻ የሚሮጥ ሕፃን ብዙ ነውና፣ መምህሩ ወደ አቡጊዳ ይመልሱታል፤ በአቡጊዳ ፊደላቱ ከለመደው ረድፍ ወጥተው አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እየተባሉ በሌላ ሥርዓት ስለሚሰለፉ፣ መልኩን ያልለየ ሁሉ እዚያው ላይ ይያዛል። ይህን ያሰቡ አበው ስማቸው ባይቆየንም፣ ሽምደዳን ከዕውቀት ለመለየት የሠሩት ፈተና እጅግ የሚደነቅ ነው እላለሁ።

ከዚያ በኋላ የዮሐንስ መልእክት ይመጣል፤ እርሱም በግዕዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ተራ በተራ እየተነበበ፣ አንዱ ሳይቀና ወደ ሌላው አይታለፍም። ወንጌሉም ዳዊቱም እንዲሁ ነው። ፈጣኑ ቶሎ ይዘልቃል፣ ዘገምተኛው ዓመታት ይቆያል፤ ሁለቱም ግን ዳዊት ደገሙ የሚባሉት ዳዊትን በእውነት የደገሙ ዕለት ብቻ ስለ ነበር፣ ዳዊትን በግማሽ ያወቀ አለፈ የሚባልበት መንገድ አልነበረም። ሕፃኑ ዳዊት ሲጨርስ ወላጆቹ እንደ ዐቅማቸው ደግሰው መምህሩንና ጎረቤቱን ይጠራሉ፤ የሠፈሩም ሰው የእገሌ ልጅ ዳዊት ደገመ የሚለውን ወሬ ከድግሱ ይዞት ይወጣል። ማስረጃው የተጻፈው በሰው ልቡና ውስጥ ነበር።

ወደ ላይኛው ጉባኤ ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠናል። ድጓ የተማረ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ዙር አባ፣ አቋቋም የተማረ ጎንደር ወርዶ፣ በሊቃውንቱ ፊት ያወቀውን አሰምቶ እስኪያስመሰክር ድረስ፣ የቱንም ያህል ዘመን በትምህርት ቢያሳልፍ መምህር ተብሎ ወንበር አይዘረጋም። የነበረውን ጉድለትም ልሰውር አልሻም፤ ዱላው ብዙ ነበር፣ ሴቶች ልጆች ከዚህ ማዕድ የቀረቡት ጥቂት ናቸው፣ ባንድ መምህር ፊት ሞገስ ያጣ ልጅም ይግባኝ የሚልበት ሌላ ዳኛ አልነበረውም።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ በስማቸው የተጠራው ትምህርት ቤት ከግብፅ በመጡ ቅብጣውያን መምህራን ሲከፈት፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ኃላፊነት ሥራውን ሲጀምር፣ ከውጭ ቋንቋውና ከሒሳቡ ጋር አንድ ሌላ እንግዳ ነገር አብሮ ገባ፤ እርሱም ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሕፃናቱ ሁሉ ባንድነት ጀምረው ባንድነት እንዲጨርሱ፣ ጊዜው ሲደርስ ደወል እንዲደወል፣ ክፍሉም እንዲቈጠር ሆነ። በንባብ ቤት ዕውቀቱ ተወስኖ ጊዜው ይለያይ ነበር፤ በአዲሱ ትምህርት ቤት ጊዜው ተወሰነና ዕውቀቱ ተለያየ። የተለያየው ዕውቀት ስንት እንደ ሆነ ለመናገር አኀዝ የግድ ሆነ፤ ማርክ የተወለደው ከዚህ ነው።

ከፋሺስት ወረራ በኋላ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች እንደ ገና ሲከፈቱና በየጠቅላይ ግዛቱ ሲበዙ፣ ይህ ሥርዓት ዛሬ ሁላችንም የምናውቀውን መልክ ያዘ። የክፍሉ ኃላፊ መምህር የተማሪዎቹን ስም በሰፊ ወረቀት ላይ ዘርግቶ፣ የየትምህርቱን ማርክ ከየመምህሩ ሰብስቦ፣ ደምሮና አካፍሎ ሮስተር ይሠራል፤ ከሮስተሩም ወደ እያንዳንዱ ልጅ ካርድ ይገለብጣል። በካርዱ ላይ አማርኛው፣ እንግሊዝኛው፣ ሒሳቡና የቀረውም በየረድፉ ይሰፍራል፤ ቀጥሎ ድምሩ፣ አማካዩ፣ ደረጃው፣ የቀረበት ቀን ብዛትና ጠባዩ ይከተላል፤ ከ50 በታች የሆነው በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ ከግርጌውም ለወላጅ ፊርማ የሚሆን መስመር ይሰመራል።

ስለዚህ መስመር ጥቂት መናገር ይገባል። ካርዱ ለወላጅ የተጻፈ ደብዳቤ ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ዘመን ከወላጆቹ የሚበዙት ማንበብ የማይችሉ ስለ ነበሩ፣ የተላከባቸውን ቃል የሚያነብላቸው ያው የተፈረደበት ልጅ ነበር። እናት ከምድጃዋ ዞር ብላ ስንተኛ ወጣህ ትለዋለች፤ ልጁም ዐንገቱን ደፍቶ ያነብላታል፤ ከዚያም አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ ታትማለታለች። የታመነ አንባቢ እንዲሆን ያስገደደው ሕሊናው ብቻ መሆኑን ሳስብ፣ ከካርዱ ማርክ ሁሉ ይልቅ ያ ቅጽበት የልጁን ጠባይ የሚገልጥ ይመስለኛል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተነሥቶ፣ ውሎ አድሮም በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ ከተጠቀሙት መካከል የልጃቸውን ካርድ በገዛ ዓይናቸው ለማንበብ የበቁ እናቶች መኖራቸውን ታሪክ ጸሓፊዎቻችን እምብዛም አያነሡትም፤ ከትልልቁ ጉዳይ እኩል ሊነሣ ግን ይገባው ነበር።

ጠባይ የሚለው ረድፍ ከአሮጌው ቤት የተረፈ ቅርስ ነው። የኔታ ዕውቀትን ከምግባር ለይተው አይመዝኑም ነበርና፣ አዲሱ ትምህርት ቤትም ግብረ ገብን እንደ አንድ ትምህርት ከማስተማሩ በላይ፣ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ እያለ ምግባሩን በካርዱ ጻፈ። ልጆች ግን መዝገቡ የሚዘጋበትን ቀን ዐወቁ። ዓመቱን ሙሉ የተቀያየሙ ሁለት ልጆች ሰኔ 30 እንገናኝ ተባብለው የሚቃጠሩት፣ በዚያ ቀን ካርዱ ተጽፎ ስላለቀና ጠባዩ ከእንግዲህ ስለማይነካ ነው፤ በቀለም የተጻፈ ምግባር ከቀለሙ ድርቀት በኋላ የማያስር መሆኑን ሕፃናቱ ከመምህራኑ ቀድመው ተረድተውታል።

ዕድሜያቸው ገፍቶ ከቄስ ትምህርት ቤት የመጡ፣ ማንበቡንም ቀድመው የዘለቁ ተማሪዎች በነበሩበት በዚያ ዘመን ባንድ ዓመት ሁለት ክፍል መዝለል፣ ማለትም ደብል መምታት፣ የተለመደ ነበር። ይህ ደብል የጥንቱ ሥርዓት በአዲሱ ውስጥ ያገኘው ጠባብ በር ነው እላለሁ፤ ያወቀ ልጅ ዓመቱን ሳይጠብቅ ይሄድ ነበርና። ክፍሎች ሲጨናነቁና ሕዝቡ ሚኒስትሪ የሚለው የመንግሥት ፈተና የስድስተኛውንና የስምንተኛውን ክፍል መውጫ ሲጠብቅ፣ በሩ ቀስ በቀስ ተዘጋ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ደረጃው ነው። ማርኩ ልጁን ከትምህርቱ ጋር ሲያመሳክር፣ ደረጃው ከጓደኛው ጋር ያመሳክረዋል። በወላጆች ቀን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ተጠርተው ደብተርና እስክሪብቶ ሲሸለሙ እልልታው ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ዳሩ ግን ሒሳቡን በሚገባ ዐውቆ ሳለ ክፍሉ ጎበዝ ስለ በዛበት 20ኛ የወጣ ልጅ፣ ክፍሉ ሰነፍ ስለ ሆነለት አንደኛ ከወጣው ያነሰ እንደ ሆነ ተነግሮት ወደ ቤቱ ይመለሳል። በዳዊት ቤት አንዱ መድገሙ የሌላውን መድገም አያሳንስም ነበር፤ እንዲያውም ቀድሞ የዘለቀው ልጅ ለኋለኛው ያስነብብ ስለ ነበር፣ የጎበዙ ብዛት ለዘገምተኛው ጥቅም ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከተከታታይ ምዘና ጋር ሲመጣ፣ መምህሩ ዓመቱ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ልጁ የጎደለውን በየጊዜው እየተከታተለ እንዲሞላለት ታስቦ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አቡጊዳን የሠሩት አበውም ባልተቃወሙት ነበር። የኔታ ግን እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ይሰሙ ነበር፤ ዛሬ 60 ሕፃናት ባሉበት ክፍል ውስጥ የሚገባ መምህር የተሰጠው ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ በመሆኑ፣ ሌላ ምንም ሳያስተምር ሁሉን ልስማ ቢል ለአንዱ ልጅ የሚደርሰው 40 ሴኮንድ ነው። ስለዚህም ተከታታዩ ምዘና በብዙ ቦታ ከ10፣ ከ20 እየተባለ የሚደመር የትንንሽ ፈተና ጥርቅም ሆነ፤ ሰኔ ሲመጣም መምህሩ እንደ ጥንቱ ሮስተሩን ዘርግቶ ይደምራል፣ ያካፍላል፣ ደረጃ ያወጣል።