የተመልካች ዳኝነት፦ ከአንጣሎ ሰንጠረዥ እስከ ሲንጋፖር ቼዝ

እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 25 እስከ ዲሴምበር 12 ቀን 2024 በሲንጋፖር የዓለም የቼዝ ሻምፒዮና ግጥሚያ ተካሂዶ ነበር። በዚያ አገር አመሻሹ ላይ የሚከፈተው ጨዋታ ናይሮቢ ሆኖ ለሚከታተል ሰው የሚጀምረው ልክ በእኩለ ቀን፣ አማርኛም ስዋሂሊም በአንድ ቃል «6 ሰዓት» በሚሉት ጊዜ ነበር። የቻይናው ዲንግ ሊረንና የህንዱ ጉኬሽ ዶማራጁ 13 ጊዜ ተጋጥመው 6 ተኩል ለ6 ተኩል እኩል ሆኑ። በ14ኛውና በመጨረሻው ጨዋታ ነገሩ በአቻ ያልቃል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ዲንግ በ55ኛው እርምጃ ሩክ የሚባለውን ጠጠር ወደማይሆን ቦታ አዛወረ፤ ብዙም ሳይቆይ እጁን ሰጠ። ጉኬሽም በ18 ዓመቱ፣ ማዕረጋቸው ካላከራከረ የዓለም ሻምፒዮኖች ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ሆነ።

ጨዋታው ቢያልቅም ክርክሩ አላለቀም። የቀድሞው ሻምፒዮን ቭላድሚር ክራምኒክ እንዲህ ባለ የልጅ ስህተት የተወሰነ የሻምፒዮንነት ማዕረግ አይቶ እንደማያውቅ በምሬት ተናገረ። ሌሎች ደግሞ ከ3 ሳምንት ግብግብ በኋላ የደከመ አእምሮ መሳቱ የትግሉ አንድ አካል ነው ሲሉ ተከራከሩ። ጉኬሽ ራሱ በአንዳንዶቹ ጨዋታዎች የጨዋታው ደረጃ ከፍተኛ እንዳልነበረ ሳይሸሽግ፣ ሻምፒዮና በጠባይ ጽናትና በፈቃድ ብርታትም ጭምር እንደሚወሰን ገለጸ። የሙግቱ ፍሬ ነገር አንድ ነበር፦ ማሸነፍ ብቻውን ይበቃል ወይስ አሸናፊው እንዴት እንዳሸነፈም ይጠየቃል?

ይህ ጥያቄ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ቼዝ በዘመናዊ መልኩ ከመምጣቱ በፊት በኢትዮጵያ መኳንንት አዳራሽ ሰንጠረዥ የሚባል ጨዋታ ነበር። ስሙ ከአረብኛው «ሻትራንጅ» የመጣ ሲሆን፣ የዚህ የናይሮቢ ጎረቤት ቋንቋ ስዋሂሊም ቼዝን እስከ ዛሬ «ሳታራንጂ» ይለዋል። ሁለቱ ቃላት ከህንድ ተነሥቶ በፋርስና በአረብ በኩል ወደ አካባቢያችን የገባ የአንድ ጨዋታ ልጆች ናቸው።

የሰንጠረዥ መደብ እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ በ64 ቤት ይከፍለው ነበር። ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ፈርዝ እንደ ዛሬዋ ንግሥት ኃያል አልነበረም፤ በአግድሞሽ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል፣ ማለትም ዝሆኑ፣ አንድ ቤት ዘሎ ያርፋል። ብርቱዎቹ ፈረስና ዛሬ ሩክ የሚባለው ደር ነበሩ። ከሁሉም ልዩ የሆነው ግን አከፋፈቱ ነው። «ወረራ» በሚባለው በዚህ ምዕራፍ ተጫዋቾቹ ተራ አይጠባበቁም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ በፈለገው ፍጥነት ጠጠሮቹን ያሰልፋል።

የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኢትዮጵያ የኖረው ዋልተር ፕላውደን ስለዚህ ጨዋታ ጽፎ ያለፈው ለክርክራችን ዋና ምስክር ነው። እንደ እርሱ ገለጻ ባላጋራን ማት ማድረግ ሁሉ እኩል ክብር አያስገኝም ነበር። በደር ወይም በፈረስ የተገኘ ድል ጥበብ የጎደለው ተደርጎ ይታያል፤ በፊልና በፈርዝ የተገኘ ይመሰገናል፤ ደካማ ጠጠሮችን አስተባብሮ ያሸነፈ ደግሞ ከፍ ያለ ስም ያተርፋል። ሠራዊቱ አልቆ ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማድረግም አይፈቀድም ነበር። ስለዚህ አዋቂ ተጫዋች የባላጋራውን ጠጠር ሁሉ ከመጨረስ ይቆጠብ ነበር፤ ሁሉንም ከበላ ድሉ ከእጁ ይወጣልና። ድልን በመልኩ የሚመዝን ሕግ መልኩን የሚያውቅ ተመልካች ይሻል።

ይህ ተመልካች ምን ይመስል እንደነበር ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ ይነግረናል። ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 አንጣሎ ሲደርስ የትግራዩን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን በመኳንንቶቻቸው መካከል ተቀምጠው ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አገኛቸው። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ግዙፎች ነበሩ፤ የሚበላውም ጠጠር በኃይል ተመትቶ ከቦታው ይነሣል። ጫጫታው ብዙ ነበር። በዙሪያው የቆመ ሁሉ፣ ባሪያ ሳይቀር፣ በጨዋታው ላይ ድምፅ ነበረው፤ ጠጠር በእጁ አንሥቶ «ይህ ይሻላል» ብሎ ማሳየት ይችል ነበር። በማዕረግ ወንበር በተለየበት አዳራሽ ሰንጠረዡ ለጊዜውም ቢሆን ሁሉን ባለ አስተያየት አድርጎ ነበር።

ይሁን እንጂ ሶልት ሌላም ነገር አስተውሏል፦ ሁሉም በብልሃት እየተጠነቀቀ፣ በመጨረሻ ሁልጊዜ የሚያሸንፉት ራስ ነበሩ። እዚህ ላይ የዚያን ዳኝነት ታላቅነትና ድክመት በአንድ ላይ እናያለን። ተመልካቹ መልካሙን እርምጃ ከክፉው ለይቶ ያውቃል፤ ዕውቀቱ ግን ጌታው ፊት ሲደርስ ይታጠፋል። ጌታውን እንዲያሸንፍ በጥበብ ማድረግ ራሱ ከፍተኛ የጨዋታ ችሎታ ይጠይቃል፤ ነገር ግን ራስ የእውነት ጎበዝ ይሁኑ አይሁኑ ከዚያ አዳራሽ ማንም ሊነግራቸው አይችልም ነበር። ውዳሴ በበዛበት ቦታ መጀመሪያ የሚጎዳው ተወዳሹ ነው።

የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ ጨዋታው ከ1930ዎቹ የጣሊያን ወረራ በኋላ ጠፋ። ጨዋታውን ያቀፈው የመኳንንት አዳራሽ ሲፈርስ ተጫዋቹም ተመልካቹም ተበተነ፤ ዘመናዊው ቼዝም ስፍራውን ወሰደ። ዛሬ ብዙው አንባቢ «ሰንጠረዥ» ሲባል የሚያስበው በመጽሐፍና በሪፖርት ውስጥ ቁጥር የሚደረደርበትን መደብ ነው። ቃሉ ኖረ፤ ድልን በውበቱ የመመዘን ልማድ ግን አብሮት አልኖረም።

በ2024ቱ ክርክር ግን ያ ልማድ በሌላ መልክ ተመልሶ ታይቷል። ዛሬ እያንዳንዱን እርምጃ ኮምፒውተር በቁጥር ይመዝነዋል፤ ስለዚህ ተርታው ተመልካች እንኳ የታላላቆቹን ስህተት ወዲያው ያያል። ቁጥሩ ስህተቱን ይነግራል እንጂ የተጫዋቹን ድካም፣ ፍርሃትና ጽናት አይነግርም፤ ያንን መመዘን አሁንም የሰው ዳኝነት ነው። ክራምኒክ ያለ ፍርሃት መውቀሱ፣ ጉኬሽም ወቀሳውን ያለ ቂም መቀበሉ፣ በአንጣሎ አዳራሽ ያልተቻለው ነገር እንደሚቻል ያሳያል።

በናይሮቢ መንገዶች ዳር ኬንያውያን «ድራፍቲ» የሚሉት ዳማ በጠርሙስ ክዳን ሲጫወቱት ማየት የተለመደ ነው። ከጎኑ ቆሞ አስተያየት የሚሰጠው ተመልካች ከሶልት ዘመን ሰዎች የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ አሸናፊውን «አሸንፈሃል፤ አጨዋወትህ ግን አላማረኝም» ብሎት በሰላም ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል።