በካሃማርካ የወደቀው መጽሐፍ

እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1532 በፔሩ ተራሮች መካከል ባለችው በካሃማርካ አደባባይ፣ ቪሴንቴ ደ ቫልቬርዴ የተባለ ስፔናዊ መነኩሴ መስቀልና መጽሐፍ ይዞ ወደ ኢንካው ንጉሥ ወደ አታዋልፓ ቀረበ። የእግዚአብሔር ቃል ነው ብሎ መጽሐፉን ሰጠው። አታዋልፓ ገልጦ አየውና ወረወረው። በአደባባዩ ዙሪያ ባሉት ቤቶች ተደብቀው ይጠባበቁ የነበሩት የፍራንሲስኮ ፒዛሮ 168 ሰዎች በፈረስና በመድፍ ወጥተው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጁ።

ንጉሡ ለምን ወረወረው ብለን ልንፈርድበት እንችል ይሆናል። ግን ምን ያድርገው? የተጻፈው በማያውቀው ቋንቋ ነው፤ ሕዝቡም ፊደል አልነበረውም፤ ሒሳቡን የሚይዘው ኪፑ በሚባል የተቋጠረ ገመድ ነበር። አላዋቂ ሕዝብ ግን አልነበረም። በፔሩ ባሕር ዳርቻ አጠገብ ያለችው የካራል ከተማ ከተቆረቆረች 5,000 ዓመት ገደማ ይሆናታል። ኢንካዎችም ከኩስኮ ተነሥተው ከዛሬዋ ኮሎምቢያ ደቡብ እስከ ቺሊ አጋማሽ ድረስ አስገብረዋል፤ እነርሱም ቢሆኑ በጦር ነው።

አታዋልፓ ነፍሱን ለመቤዠት አንድ ክፍል በወርቅ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ በብር አስሞላ። ሀብቱን ተቀብለው በ1533 ገደሉት። አስቀድመው ግን አጠመቁት፤ ከተጠመቀ በእሳት መቃጠሉ ቀርቶለት በገመድ ታንቆ እንደሚሞት ነግረውት ነበር። ወጣት ወገኖቼ፣ ይህን ጥምቀት ምን ብለን እንጥራው?

ከዚያ ወዲያ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ የአገሬው ሰው በግዳጅ ማዕድን ሲቆፍር፣ ግብር ሲከፍል ኖረ። በ1780 ሁለተኛው ቱፓክ አማሩ ዐመፀ፤ በዓመቱ በኩስኮ አደባባይ ሚስቱንና ልጁን ዐይኑ እያየ ገድለው እርሱንም ገደሉት።

ሐምሌ 28 ቀን 1821 ሆሴ ደ ሳን ማርቲን በሊማ ነጻነትን ዐወጀ። የአገሬውም ሰዎች ከእንግዲህ «ኢንዲያን» ሳይሆን ፔሩያውያን ተብለው እንዲጠሩ፣ ግብሩም እንዲቀር አዘዘ። በማግስቱ ዓመት ጄምስ ቶምሶን የተባለ ስኮትላንዳዊ ባፕቲስት ትምህርት ቤት ሊከፍት ሊማ ገባ። የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር አገልጋይ ስለ ነበር፣ አዲስ ኪዳንን በሕዝቡ ቋንቋ በኬቹዋ አስተረጎመ። ይኸው ማኅበር በ1824 አባ አቡ ሩሚ የተረጎሙትን አራቱን ወንጌላት በአማርኛ አሳትሟል። የእኛው ታተመ፤ የኬቹዋው ጽሑፍ ግን ሳይታተም በጦርነቱ ግርግር ጠፋ።

በዚያው ዓመት በአያኩቾ ጦርነት የስፔን ኃይል ተሰበረ። የአገሬው ሰው ግብር ግን ሁለት ዓመት ሳይቆይ ተመለሰ፤ የተሻረውም በ1854 ነው። አታዋልፓ ይናገርበት የነበረው ኬቹዋ በሪፐብሊኩ የመንግሥት ቋንቋ ለመባል እስከ 1975 ጠብቋል።